አንተ ስትመጣ የማጠፋው ንዝረት

ውድ ወንድምጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እንዴት እንደሰነበትክ ግን እማዬ ነግራኛለች። አንተ ዘንድ ሳምንት ቆይታ ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ቆማ፣ “ወንድምሽ እጁን ፈርቶታል” አለችኝ። እዚያ የያዝከው የቀለም ቅብ ሥራ ደህና መሆኑን፣ መክሳትህን፣ ሳሉ እንደለቀቀህ ሁሉ ነገረችኝ። ከዚያ የኩሽናህ አምፖል ከተቃጠለ አሥር ቀን አልፎት በሻማ እንደምታበስል፣ እሷ ልትቀይረው ወንበር ላይ ስትወጣ አምፖሉን ከእጇ ቀምተህ ጎረቤት እንደጠራህ አወራችልኝ። ሃያ ዓመት የሰው ቤት መብራት ስትዘረጋ የኖርክ ሰው፣ አምፖል የሚያዞርልህ ጎረቤት ጠራህ። እማዬ እንደ ቀልድ ልታወራው ሞክራ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ድምጿ ሰለለ። እኔም እንደ ልማዴ ሳቅ ብዬ መታጠቢያ ቤት ገባሁና በሩን ከውስጥ ቆለፍኩት።

ስልክህን አታነሳም። ብታነሳም ይህን በስልክ የምናገርበት አፍ የለኝም። ስለዚህ እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው። መሐል ላይ ቆሽትህ አርሮ ብትቀደው ሌላ ቅጂ እማዬ ዘንድ አስቀምጫለሁ፤ ደግማ ትልክልሃለች።

የልብስ ሰፊዋን ጣቶች ያቃጠለው ያንተ ብየዳ አይደለም። ስምንት ወር ሙሉ ነው ብለህ ኖረሃል፤ እኔ ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ አለመሆኑን እያወቅሁ ዝም ብያለሁ። ይኸው ጻፍኩት። አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ግማሹን ከእኔ እኩል ታውቀዋለህ፤ የማታውቀው ግማሽ ነው ጉዱ ያለበት።

የሙያ ማሠልጠኛው የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያስተምር የኮምፒውተር ጨዋታ ሲፈልግ ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ፤ ጓንቱን የሚሠራልኝ ሰው ስፈልግ ደግሞ ከአንተ ሌላ ማንም አልታሰበኝም። ከእንጨት ሥራው ክፍል ጀርባ ያለችውን ዕቃ ቤት ሰጡን። መስኮቷ አንድ፣ ጠረጴዛዋ አንድ፣ የመጋዝ ብናኙ ግን ለአሥር ክፍል የሚበቃ። አንተ ተራ የሥራ ጓንት ገዝተህ፣ ከሞቱ ስልኮች ሆድ ውስጥ የሚንቀጠቀጡትን ትንንሽ ሞተሮች እያወጣህ በየጣቱ ጫፍ አስገባህ። ሽቦውን በየድክ፣ ባትሪውን ክንድ ላይ በጨርቅ አሰርክ፣ ከአሮጌ ካቻቢቴ እጀታ የውሸት ቴስተር ሠራህ። እኔ ከኮምፒውተሩና ዓይን ላይ ከሚጠለቀው መነጽር ጋር ስታገል፣ አንተ ጥግህን ይዘህ ለራስህ እያፏጨህ ትሠራ ነበር። ፉጨትህ ቅጥ ያጣ መሆኑን ያኔም ነግሬሃለሁ።

ጨዋታው ቀላል ነበር። ተማሪው መነጽሩን ሲያጠልቅ የሌለ ቤት ውስጥ ይገባል። ግድግዳው ላይ የተከፈተ የመብራት ሳጥን አለ፤ ከሽቦዎቹ አንዱ ኮረንቲ አለበት፣ የትኛው እንደሆነ ግን በዓይን አይለይም። ቴስተሩን አንሥቶ መለካት፣ ማጥፋት፣ ደግሞ መለካት፣ ከዚያ መንካት። ሳይለካ የነካ ሰው አምስቱም ጣቶቹ ባንድ ጊዜ ይመታሉ፣ ዓለሙ ይጨልምበታል፣ ትምህርቱን ከሀ ይጀምራል። ይህ ያንተ ሕግ ነበር። ግድግዳችን ላይ በጠመኔ “ሳትለካ አትንካ” ብለህ ጻፍክ። እኔ ቅጣቱ በዛ ስልህ ብየዳህን አስቀምጠህ ዞር አልክና፣ “ኮረንቲ አያስጠነቅቅም። ጨዋታሽም እንዳያስጠነቅቅ” አልከኝ። ሌላ ነገር ሁሉ ብትረሳ ይህን እንደማትረሳው አውቃለሁ፤ እኔም አልረሳሁትም።

አንተ መነጽሩን መልበስ አትችልም ነበር። መጀመሪያ ቀን አጥልቀኸው ሁለት ደቂቃ ሳትቆይ የመጋዝ ብናኝ ባልዲው ላይ ተደፍተህ ምሳህን በሙሉ መለስክ። ሁለተኛም ሞከርክ፣ ሦስተኛም። ከዚያ “በቃ፣ እጅ ከእኔ፣ ዓይን ከአንቺ” ብለህ ደመደምክ። ጓንቱን አንተ ታጠልቃለህ፣ መነጽሩን እኔ። “ቀኝህን ዝቅ አድርግ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ አሁን ሽቦው ጫፍ ላይ ነህ” እልሃለሁ፤ አንተ የተሰማህን ትናገራለህ፤ ደብተርህ ላይ ትጽፋለህ። የጽዳት ሠራተኛዋ አንድ ቀን በመስኮት አይታን፣ ዕውር መሪና ዝንብ የሚያባርር ሰው መስለናት ባልዲዋን ይዛ እስክትቀመጥ ሳቀች። በሕይወቴ እንደዚያ ተስማምቼ ከሰው ጋር ሠርቼ አላውቅም። አንተ ያላየኸውን ዓለም እኔ በነገርኩህ ብቻ አምነህ ትሠራ ነበር። ይህን ልብ በል፤ ወደፊት ያስፈልገናል።

ከዚያ አሥራ ሁለቱ ሠልጣኞች መጡ። ሦስተኛው ትምህርት ላይ እንደ ቅጠል ረገፉ። ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱ ከዚያ አላለፉም። ሹፌር የነበረው ሰውዬ መነጽሩን ከራሱ ላይ ነቅሎ፣ ልማር መጣሁ እንጂ ልመታ አልመጣሁም ብሎ መውጣቱ ትዝ ይልሃል። የማታውቀው፣ በማግስቱ ዋና ኃላፊው ቢሮው ጠርቶኝ ነበር። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ግን ነገር ማንዛዛት አይወድም። ተማሪው መሐል ላይ የሚተወውን ነገር እሱ ትምህርት ብሎ እንደማይጠራው፣ እስከ መንፈቁ መጨረሻ አብዛኛው ሰው ካልጨረሰው ወደ ጥቁር ሰሌዳቸው እንደሚመለሱ ነገረኝ። ለአንተ የነገርኩህ ግማሹን ነው። ቅጣቱን እናለዝበው ብቻ አልኩህ። አንተ ደግሞ “ይፍሩ። መፍራትም ትምህርት ነው” አልክ። ተጨቃጨቅን፤ “አንቺ ችኩል፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” ብለህ ቤትህ ሄድክ።

እኔም አፈሰስኩ፤ ይኸው እየለቀምኩ ነው።

ያን ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ጨዋታው ላይ አንዲት ነገር ጨመርኩ። እጅ ኮረንቲ ወዳለበት ሽቦ አንድ ስንዝር ያህል ሲቀርብ የጣት ጫፍ ላይ ቀስ ያለ ንዝረት ይመጣል። ምት አይደለም፤ ቶሎ የሚሰማ፣ የማያም፣ ተው የሚል ንዝረት። ቅጣቱን አልነካሁትም፤ ከቅጣቱ በፊት መምከሬ ነው አልኩ። እውነቱን ልንገርህና ስጨርሰው አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ደግ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ። በማግስቱ ሹፌሩ ተለምኖ መጣ፣ ሦስተኛውን ትምህርት አንዴም ሳይመታ አለፈ፣ እጄን ጨብጦኝ ወጣ።

ሐሙስ ዕለት አንተ ለፍተሻ መጣህ። ጓንቱን ስታጠልቅ እያየሁህ ነበር። መነጽሬን አደረግሁ፤ እጄ ሳላዘው ቁልፉን ተጭኖ ንዝረቱን አጠፋው። አዎ፣ አንዲት የማጥፊያ ቁልፍ አበጅቼለት ነበር፤ ስሠራው ለምን እንዳበጀሁ ራሴን አልጠየቅሁም። “አሁን ሽቦው ጋ ነህ” አልኩህ። እጅህን አስጠጋህ። ምንም አልመጣም። ነካህ፤ አምስቱም ሞተሮች መቱህ። “ጥሩ ነው፣ እንደነበረ ነው” አልክና ደብተርህ ላይ ጻፍክ። ስትወጣ መልሼ አበራሁት።

እንደዚያ አሥራ አንድ ጊዜ አድርጌያለሁ። ከኮምፒውተሩ መዝገብ ላይ ቆጥሬ ነው፤ እያንዳንዱ ማጥፋትና ማብራት ከነሰዓቱ ተጽፏል። እሑድ እማዬ ቤት ምሳ ስንበላ ሳይቀር ልነግርህ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንተ ስለ ጓንቱ በኩራት ታወራለህ፣ እማዬ ታዳምጥሃለች፣ እኔ ደግሞ ውሃ እጠጣለሁ። ንገሪው ንገሪው ይለኛል ልቤ፤ እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ። ዛሬ ብነግርህ ንዝረቱን ታስጠፋኛለህ፤ ሠልጣኞቹ ጨርሰው ውጤቱን ካየህ በኋላ ብነግርህ ግን አንተም ትስቃለህ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ውጤቱማ መጣ። አሥራ ሁለቱም ጨረሱ። ኃላፊው ከሌሎች ማሠልጠኛዎች እንግዳ እየጠራ ያስጎበኝ ጀመር። በእንግዶቹ ፊት “የእህቴ ጭንቅላት ነው” ስትል መሬት ተከፍታ አልዋጠችኝም፤ ይልቅ ደስ አለኝ።

መዝገቡ ግን ሌላም ነገር ይጽፍ ነበር። ማን ቴስተሩን መቼ እንዳነሣ ይጽፋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ያነሡታል። በሦስተኛው ግማሹ። በአምስተኛው ሳምንት አንድም ሰው አያነሣውም። አቋራጩን አግኝተውት ነበር። እጃቸውን ሽቦዎቹ ፊት ለፊት፣ የሞቀ ካውያ እንደሚፈራ ሰው፣ እያስጠጉ ያሳልፋሉ፤ ንዝረት ካለ ይተዉታል፣ ከሌለ ይጨብጡታል። መለካት ለምን ያስፈልጋቸዋል? ጣታቸው ይነግራቸዋል። ይህን ሁሉ አየሁ፤ ጎበዞች ናቸው አልኩ። ይባስ ብሎ ነጥብ የሚሰጠው በፍጥነት ስለነበር፣ ቴስተር የሚያነሣ ሰው ዘገየህ ተብሎ ነጥብ ይቀነስበት ነበር። የነጥቡን አሰጣጥ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንደኛ የወጣችው ልብስ ሰፊዋ ነበረች።

እሷን ከእኔ በላይ የምታውቃት አንተ ነህ። ትሠራበት የነበረው የልብስ ስፌት ቤት ሲዘጋ በአርባ ሦስት ዓመቷ አዲስ ሙያ ልትማር የመጣች ሴት። የተተረተሩትን ጓንቶች ጠጋ ብላ አይታ፣ ይህን የሰፋው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው ወይ ብላ አሳፈረችህ፤ ከዚያ ሁሉንም ወስዳ በሁለት ቀን መልሳ አመጣቻቸው፣ ስፌቱ የት እንደጀመረ የማይታይ። ጣቶቿ ዓይን አላቸው ትል ነበር አንተ። አዎ፣ ነበራቸው። ለዚያ ነው ንዝረቱን ከሁሉም ቀድማ የለመደችው።

አደጋው የደረሰ ቀን ጠዋት በጨዋታው ተለማመደች፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ተግባር ክፍል ሄደች። እውነተኛ ሳጥን፣ እውነተኛ ሽቦ። መስመሩ ሁሉ ተዘግቷል ተብሎ ነበር፤ አንዱ ሳይዘጋ ቀርቷል። ቴስተሩ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ነበር። የተግባር አስተማሪው ዋናውን ማብሪያ እስኪያወርደው ድረስ ስንት ሰከንድ እንደሆነ አላውቅም። ነፍሷ ተረፈች። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች እስከ አጥንት ተቃጠሉ።

አደጋውን ያጣሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ። የተለማመደችበትን ጓንት በፌስታል ይዘው ሄደው ከሳምንት በኋላ መልሰው አመጡት። የቀኙ አመልካች ጣት ሽቦ ከብየዳው ላይ ተበጥሶ አገኙት። ያቺ ጣት ስትሳሳት የሚመታት ነገር አልነበረም፣ ስለዚህ መፍራትን አልተማረችም ብለው ጻፉ። አንተ ጓንቱን ተቀብለህ በማጉያ መነጽር ለረጅም ጊዜ አየኸው። ማንም ሳይጠይቅህ “ብየዳው የእኔ ነው” አልክ። ፊትህ አመድ መስሎ ነበር። እኔ አጠገብህ ቆሜያለሁ፤ ክንዴ ክንድህን ይነካ ነበር።

ጠዋት ስትለማመድ የተጻፈውን መዝገብ በማግስቱ ከፈትኩት። ታስታውስ እንደሆነ እያንዳንዱ ሞተር ሲታዘዝ “ደርሶኛል” ብሎ እንዲመልስ አድርገህ የሠራኸው አንተ ነህ፤ እኔ ትርፍ ልፋት ነው ብዬህ ነበር። የቀኙ አመልካች ጣት ሞተር እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ይመልስ ነበር። ጓንቱን አውልቃ እስክታስቀምጥ ድረስ ሽቦው ደህና ነበር። የተበጠሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ ፌስታል ውስጥ ሲጎተት፣ መኪና ውስጥ ሲወረወር፣ እኔ እንጃ። ብየዳህ ማንንም አልበደለም። ማስረጃው ዓይኔ ፊት ነበር። እሱን ባወጣ ግን የሚቀጥለው ጥያቄ፣ ታዲያ ምን ሆነች? የሚል ነው፤ የሚቀጥለው መስመር ላይ ደግሞ የእኔ ንዝረት ተጽፏል። ፋይሉን ዘጋሁት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሪፖርታቸው ላይ፣ ካንተ ፊርማ ሥር፣ ፈረምኩ።

አንተ ከተማውን ለቀህ ከሄድክ በኋላ ጓንቶቹ ተጠግነው ጨዋታው ተመለሰ። ንዝረቱን ሰው ሳያውቅ አወጣሁት። ጥፋቴን ብቻ ሳይሆን ማረሜንም ደበቅሁ ማለት ነው። በዚያም ቢሆን የተረጋጋሁ እንዳይመስልህ። ከዚያ ክፍል የወጡት ሌሎቹ አሥራ አንድ ሰዎች ሥራ ይዘው በየሰው ቤት ሳጥን ይከፍታሉ፤ እጃቸው የለመደውን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ከመካከላቸው የአንዱ መርዶ እየመሰለኝ ክው እላለሁ። በቃ፣ እንደዚያ ነው የኖርኩት። አታዝንልኝ፤ አፌን መክፈት እችል ነበር።

እማዬ ያንተን ወሬ በነገረችኝ ማግስት ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄድኩ። ካደጋው በኋላ ደጇን ረግጬ አላውቅም። ራሷ ከፈተችልኝ። ክፍሏ ንጹሕ ነው፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ቆሟል፣ ላዩ ላይ የተጣጠፉ ጨርቆች ተከምረውበታል። ትንሽ ልጇ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን እየሠራች፣ እናቷ በጠራቻት ቁጥር እየተነሣች መርፌ ላይ ክር ታስገባላታለች። ሦስት ጊዜ ስትነሣ ቆጠርኩ። የእናቷ ጣቶች አይታጠፉም፣ ወንድምጋሼ። ሁለቱ እንደ እንጨት ቀጥ ብለው ቀርተዋል።

ያን ቀን ምን እንደሆነ ይንገሩኝ ለማለት አልደፈርኩም፤ እሷው ጀመረችልኝ። ለአጣሪዎቹ ብነግራቸው አልገባቸውም አለች።

“እጄን አስጠጋሁ። ዝም አለ። ያዝኩት።”

“ጓንት ሳያጠልቁ?” አልኳት።

“ጓንቱን እኮ ረስቼዋለሁ። የለመደው እጄ ነው።”

ባዶ እጇን ሽቦው ፊት አድርጋ፣ እኔ ያስተማርኳትን ንዝረት ጠበቀች። አልመጣም፤ ስላልመጣ አመነችው። ሁሉንም ነገርኳት። ንዝረቱን፣ ማጥፊያዋን ቁልፍ፣ ነጥቡን፣ መዝገቡን፣ ያንተን ብየዳ። ልጅቷን ወደ ጎረቤት ላከቻት። አልጮኸችም፤ ብትጮህ በተሻለኝ። ጣቶቿን አየችና ያ ጓንት የሚሠራው ወንድምሽ ይህን ያውቃል ወይ አለችኝ። አያውቅም አልኩ። ሆስፒታል በተኛችባቸው ሁለት ወራት በየቀኑ እየመጣህ ከበር ላይ ቆመህ ትመለስ እንደነበር ነገረችኝ። አንድ ቀን ብቻ ገብተህ፣ ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ እንደማይገባህ ተናግረህ ወጣህ። ይህን አልነገርከኝም ነበር።

ይቅርታ ስለምናት እጇን አነሣች። “ለእኔ መንገርሽ ጣቴን አያጥፈውም” አለች። “የእሱ እጅ ግን ደህና ነው። ሂጂና ንገሪው።” ከዚያ በሩን ከፍታ ቆመች። ይቅር አላለችኝም። እኔም ትለኛለች ብዬ አልጠብቅም።

ከእሷ ቤት በቀጥታ ወደ ኃላፊው ሄድኩ። መዝገቡን በሙሉ፣ ከአሥራ አንዱ ማጥፋትና ማብራት ጋር፣ አትሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። መጀመሪያ ለማን ለማን ነግረሻል አለኝ። ለልብስ ሰፊዋ ስለው መነጽሩን አውልቆ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጨዋታው ቆሟል። አሥራ አንዱን ሰዎች አንድ በአንድ ደውዬ አስመጣኋቸው፤ የተግባር አስተማሪው ቴስተር እያስያዘ ከሀ ጀምሮ እያስተማራቸው ነው። ሹፌሩ ነገሩን ሲሰማ እጁን እያገላበጠ አየና፣ ትናንትና እኮ እንዲሁ አድርጌያለሁ ብሎ እዚያው ቁጭ አለ። አጣሪዎቹ እንደገና ተጠርተዋል። የሚሆነው ይሆናል፤ ከሥራ እንደምወጣ ተነግሮኛል፣ ከዚያ ያለፈም ሊመጣ ይችላል። የድሮው ሪፖርት ተሽሮ አዲስ ሲጻፍ ስምህ ከጥፋቱ ዝርዝር ይወጣል፤ የወጣ ዕለት ወረቀቱን በእማዬ እጅ እልክልሃለሁ።

እማዬ ይህን ደብዳቤ አንብባዋለች። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ተነሥታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ እሱ ይህን ሁሉ ወር በባዶ ነው የተቃጠለው አለች። ከዚያ ወዲህ ታናግረኛለች፤ ግን ልጄ ብላ አልጠራችኝም።

አሁን ያልጻፍኩት አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው። የሄድክ ዕለት አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ሸኘሁህ። ሻንጣህን ካስጫንክ በኋላ እንባዬ መጣ፣ ማቆም አቃተኝ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን አለቀስኩ። አንተ ዕቃህን ጥለህ ተመለስክ። በሸሚዝህ እጅጌ ፊቴን ጠረግክ። ሰው ገድሎ የሚሸሽ የሚመስለው ሰው፣ በቀረችው ደቂቃ እኔን ያባብል ነበር። “አንቺ ምን አድርገሽ ነው እንዲህ የምታለቅሺው?” አልከኝ። ከዚያ፣ “እግዜር ይመስገን፣ ጥፋቱ አንቺን አልነካሽም” አልክ። ያን ሰዓት የአውቶቡሱ ሹፌር ጥሩምባውን ነፋ፤ እኔም ሰበብ አገኘሁና ጭንቅላቴን ነቀነቅሁልህ። አጽናንተኸኝ ሄድክ። እኔም ተጽናናሁ፣ ወንድምጋሼ። ቤቴ ስደርስ በርትቼ ነበር፤ ምሳ በላሁ።

ያኔ ጠይቀኸኝ ያልመለስኩልህን ይኸው ጻፍኩልህ። ያደረግሁት ይህን ነው። መልስ መጻፍ የለብህም፤ ደጅህን ልርገጥ ብዬም አልለምንህም። እጅህ ግን ንጹሕ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ምክንያት አትፍራው።

ያታለለችህ እህትህ